አያቴ ጻድቅ የተባሉበት ዓመት

አያቴ እህል መብላት ያቆሙ ጊዜ ቤታችን የተከበረ ቤት ሆነ።

ከዚያ በፊት እንደ ማንኛውም የመንዝ ገበሬ ነበርን። ገብስ እንዘራለን፤ ጥቂት በጎች አሉን። ሥራ በማይበዛበት በበጋው ወራት አያቴ ባና ይሸምናሉ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ ያለሱ የእኛን አገር ውርጭ የሚችል የለም። ጠጉሩን እናቴና እኔ እንፈትላለን፣ እሳቸው ይሸምናሉ፣ አባቴ ሞላሌ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። በዚያ ሁሉ ዘመን በራችን ላይ ጫማውን አውልቆ የገባ ሰው አላስታውስም። ጫማ ማውለቅ የመጣው አያቴ ምግብ ከተዉ በኋላ ነው።

አባባ ነበር የምላቸው። የአባቴ አባት ናቸው። ደህና በነበሩ ጊዜ ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። ከቤቱ ጎን ባለው የሽመና ጉድጓድ እግራቸውን ከትተው፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየላኩ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ይነካካሉ። በተለይ ጎረቤታችንን አይለቋትም ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽን ብትሰጪኝ ማግ አደርገው ነበር። ዕድሜ ልኬን ብሸምነው አያልቅም!»

«እርስዎም ሆድዎን ቢሰጡኝ ጎተራ አደርገው ነበር» ትላለች እሷ፣ ጀሪካኗን እንዳዘለች።

እውነቷን ነው፤ ይበሉ ነበር። እናቴ ያቀረበችውን ጨርሰው የትሪውን ዳር በጣታቸው ይጠርጉታል። ጠላ ሲቀዳላቸው «ይሄ ለቅምሻ ነው፣ ጠላው የታለ?» ይላሉ። እኔን የሚጠሩኝ «አይጢት» ብለው ነው፤ ድምፄ ስለማይሰማ። ሰው ፊት መናገር ሲኖርብኝ አፍራለሁ። እሳቸው አይጢት ሲሉኝ ግን አላፍርም ነበር።

ቀድሞ ማሳውንና በሬዎቹን ለአባቴ አስረክበው ነበር። የቀራቸው ሽመናው ነው። በዚያ ዓመት ከመስቀል በኋላ ዓይናቸው ድሩን መለየት አቃተው። ክር ይበጠሳል፣ ይቀጥሉታል፣ አሁንም ይበጠሳል። አንድ ቀን ከጉድጓዱ ወጡና አልተመለሱም። በሽታው የመጣባቸው በዚህ ነው ብዬ መናገር አልችልም። የራሴም ሲመጣ ምክንያቱን አላወቅሁትም።

የሆኑት ሁሉ በአንድ ጊዜ አልሆነም። መጀመሪያ የቀረው ለከፋው ነው። ጎረቤታችን በደጃፋችን አልፋ፣ ተመልሳ አልፋ፣ አንድም ቃል ሳትባል ስትቀር አንገቷን አስገብታ «ምነው ዛሬ ምላሳቸውን ውሻ በላው?» ብላ ጠየቀች። ቀጥሎ እኔን አይጢት ማለት ተዉ። ከዚያ ሲቀመጡ እጃቸው የተቀመጠበት ቦታ ይቀራል፤ ትሪው ፊታቸው ቀርቦ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ ወጡ ይበርዳል። ዶሮ ሳይጮህ ነቅተው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። የሚያዩት ምድጃውን ነው፤ እሳት ይኑረው አመድ ይሁን ለይተው የሚያዩት ግን አይመስለኝም።

እኔ ያንን አተያይ አውቀው ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ጊዜ ነው። ዘጠነኛ ለመማር ከተማ ቤት መከራየት ያስፈልጋል፤ አባቴ «ለሴት ልጅ ቤት ተከራይቼ ምን ልሰማ ነው?» አለ፤ እኔም አልተከራከርኩም። አላለቀስኩምም። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ጠዋት ኩበት ልለቅም መነሳት አቃተኝ። እግሬ ደህና ነው፣ ሆዴ ደህና ነው፣ ግን አልነሳም አለኝ። በማግስቱም እንደዚያው። እናቴ «ጥጋብ ነው» አለች። አባቴ «ልግመኛ» አለኝ፤ ያ ስም ወጣልኝ። ጎረቤታችን መድኃኒቱን ታውቅ ነበር፤ «ባል ፈልጋ ነው፣ ካልሆነ ሳማ አለ» አለች። ባል ስላልተገኘ ሳማ ተቆረጠ። በሳማ ሲገርፉኝ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፣ ይሰማኛል፣ ግን የሚቃጠለው የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር። የባሰ ያስፈራኝ እሱ ነው።

አልዳንኩም፤ መነሳት ለመድኩ። እንዝርቱን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ክሩ ይረዝማል፤ እኔ የማዞረው ግን አይመስለኝም። ስለፈተልኩ ልግመኛ መባሉ ቀነሰ። ዝም ማለቴን ደግሞ ጨዋነት አሉት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን የበግ ግልገል ስትዘል አይቼ ሳቅሁ፤ ስስቅ የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ። እንዲህ ነው የለቀቀኝ።

ስለዚህ አባባን ሳይ የያዛቸውን አውቄዋለሁ። ስሙን ግን አላውቅም። ስሙን ሳላውቅ ሌሎቹ ቀድመውኝ ስም አወጡለት።

ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ይበላል። አባባ ዘጠኝ ሰዓትም ሲሆን አይበሉም። ሁለት ጉርሻ፣ አንዳንድ ቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ውኃ ብቻ። አባቴ ይህን አይቶ ለሰንበቴ ማኅበርተኞቹ ነገራቸው።

«አባቴ የሰሞነ ሕማማቱን አክፍሎት ከአሁኑ ጀመሩ» አላቸው።

አክፍሎት ብርቱዎቹ ለፋሲካ ሁለት ሦስት ቀን እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩበት ነው። ጾሙን ሙሉ የሚያከፍል ሽማግሌ ማን አይቷል? የንስሐ አባታችን ሊጠይቁ መጡ። አባባን ሰላም ቢሏቸው ዝም፤ «እንዴት ሰነበቱ?» ቢሏቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«አርምሞ ይዘዋል» አሉ የንስሐ አባታችን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አርምሞ የባሕታውያን ዝምታ ነው። «በስተርጅና እንዲህ ዓለምን መናቅ ለሁሉ አይሰጥም። ጸጋ ነው።»

አባቴ ተነስቶ የአባባን ጉልበት ሳመ። ሲስማቸው ያየሁት ያኔ ነው የመጀመሪያዬ። ከዚያ በፊት ያነጋግራቸው የነበረው «ይኼን በር እንኳ ቢዘጉ ምናለ» እያለ ነበር።

ወሬው ወንዝ ተሻገረ። ሰው ጧፍ ይዞ መምጣት ጀመረ። ልጅ ያልወለደች ሴት ትመጣለች፤ ዓይኑ የታመመ ይመጣል። የአባባን እጅ አንስተው በራሳቸው ላይ ያኖሩታል፤ እጁም ካኖሩት ቦታ ይቆያል። አንድ ሰውዬ የጠፋችበትን በግ እሳቸውን ተሳልሞ ሲመለስ መንገድ ላይ እንዳገኛት ተናገረ። ጎረቤታችን እንኳ ለበጓ ምስክር ሆነች፤ ዱሮ በሆዳቸው ስትቀልድ የነበረችው ሴት «እኔ እኮ ከጥንትም ልዩ እንደሆኑ አውቅ ነበር» እያለች እንግዳ ታስገባለች። አባቴን ሰንበቴ ላይ ከበሩ ሥር ነበር የሚያስቀምጡት። ያን ሰሞን ከካህናቱ ቀጥሎ ተቀመጠ። ሲመጣ አረማመዱ እንኳ ተለወጠ።

አባባ ይከሳሉ። ልብሳቸውን የማጥብ እኔ ነኝ፤ ቀበቷቸውን ወደ ውስጥ የምበሳው እኔ ነኝ። ፋሲካ ሲደርስ ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ። በጉ ታረደ፣ ሰው ሁሉ ገደፈ፣ አባባ ጎናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አሁንስ አባቴ ይገባዋል ስል፣ እሱ በደስታ ለእንግዶቹ «ሥጋ ሸተታቸው፤ ከዚህ ዓለም ወጥተዋል» አላቸው። ያን ጊዜ ገባኝ። እኚህ ሰው እህል ካልቀመሱ ክረምቱን አያዩትም፤ በቤታችን ደግሞ እህል እንዲቀምሱ የሚፈልግ የለም።

በዳግም ትንሣኤ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ተናገርኩ። ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ «አባባ ታመው ነው» አልኩ።

መጀመሪያ ማንም አልሰማኝም። ደግሜ አልኩት።

«ምን?» አለ አባቴ።

«ታመው ነው። አልጾሙም። እኔም... እንደኔ ነው የሆኑት።»

ጎረቤታችን ሳቋን ለቀቀችው። «በሉ ስሙ! ልግመኛዋ ሐኪም ሆናላችኋለች! ጻድቁን ከእሷ ጋር አስተካከለቻቸው እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። «ቅጂ፣ አንቺ ልጅ» አለኝ፤ «ሥራሽ መቅዳት ነው።» የንስሐ አባታችን ደግ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ለጻድቃን ሕመምም ጸጋ ነው» አሉኝና ወደ አባባ ዞሩ። እኔ ቀዳሁ። ጠላው በአንዱ ሽማግሌ ጉልበት ላይ ፈሰሰ፤ እሱም አሳቃቸው።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ከቤቱ ጀርባ ኩበት ስንጠፈጥፍ፣ እሷ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር ንግግር ጀመረች።

«ወንድምሽን የወለድኩ ጊዜ እንዲያ ነበርኩ።»

አሁን ከተማ ቤት ተከራይቶለት የሚማረውን ታናሽ ወንድሜን ነው።

«ልጁ ያለቅሳል፣ እሰማዋለሁ። አንሺው ይሉኛል። የማን ልጅ ነው እላለሁ በሆዴ። ክርስትና እስኪነሳ ድረስ አንድ ቀን ወድጄ አላጠባሁትም። ቡዳ በላት አሉ። በጭስ ፈጁኝ። ጎማ ሁሉ አጨሱብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጭሱን ሸሽቼ ተነሳሁ። ዳነች ተባለ።»

እበቱን በጥፊ መታችው።

«አንቺን በሳማ ሲያስገርፉሽ አውቄው ነበር መሰለኝ» አለች። «አውቄ ዝም አልኩ። እኔን በጭስ ያዳኑኝ አንቺንም ያድኑሻል ብዬ።»

ይቅር አላልኳት፣ አልተጣላኋትም። ኩበቱን ጨርሰን ገባን።

ሌላ ቀን አባባን ፀሐይ አስወጥቼ አጠገባቸው ተቀምጬ ስፈትል፣ ሰው እንደሌለ ካየሁ በኋላ «አባባ፣ ጾም ነው እንዴ የያዙት?» አልኳቸው።

ድምፃቸው ተዘግቶ እንደኖረ በር ሲጥ እያለ ወጣ። «እህሉ አፈር አፈር ይለኛል።»

«እኔንም ይለኝ ነበር።»

«ያኔ፣ በሳማው ጊዜ?»

«አዎ።»

«እኔም ልግመኛ ብዬሻለሁ?»

«ብለውኛል፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰውነቴ ውኃ የጠጣ ባና ሆኖብኛል» አሉ። አዲስ ባና ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውኃ ተነክሮ በእግር ይረገጣል፤ ያን ጊዜ ሁለት ሰው አያነሳውም። «ለብሼዋለሁ። ልጥለው እላለሁ፣ እጄም እሱ ራሱ ሆኗል።»

«ለምን አይነግሯቸውም? ጸጋ አይደለም፣ ታምሜ ነው አይሉም?»

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ከስንት ወር በኋላ ያዩኝ ያኔ ነው። «አይጢት» አሉኝ፤ «ለልጄ ሥራ የፈታ ሽማግሌ ስሆን በር ይዝጉ ነበር የሚለኝ። ጻድቅ ስሆን ጉልበቴን ሳመኝ። የትኛውን ልምረጥ?»

«እኔ ግን ስድብዎ ናፈቀኝ» አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እንግዲያስ አንቺ ወደ ወሰድሽኝ እሄዳለሁ» አሉ።

አባቴ ለማዳበሪያ ጉዳይ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዶ እዚያው ሊያድር ሆነ። ጤና ጣቢያ ልወስዳቸው እንደሆነ ስነግራት እናቴ የአባባን ንጹሕ ጋቢ አውጥታ ሰጠችኝና ራሷም ነጠላዋን አጣፋች። ጭነት አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ አግኝተን፣ አባባን ጋቢና አስቀምጠን፣ እኛ ከኋላ ቆመን ሞላሌ ጤና ጣቢያ ደረስን።

ነርሷ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ነበረች። ጥያቄዋን ለእኛ ሳይሆን ለእሳቸው አቀረበች።

«አባቴ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«ብቅ ይልና ይሄዳል። እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር።»

«ምግብስ?»

«ተጣልተናል።»

«መሞትን ያስባሉ?»

«እሱ ነው የሚያስበኝ» አሉ አባባ።

ነርሷ መጻፏን አቆመች። ሕመሙ ድባቴ እንደሚባል የነገረችን ያኔ ነው። ልጅም ሽማግሌም አይመርጥም አለች። በወጣት ላይ ሲመጣ ስንፍና ይመስላል፤ አራስ ላይ ሲመጣ ልጇን የጠላች ይመስላታል፤ ሽማግሌ ላይ ሲመጣ እህል ያስጠላና ዝም ያሰኛል፣ ሰው ዕድሜ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛ አገር ዕድሜ ነው እንኳ እንዳላልን ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አራስ የሚለውን ስትሰማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

ክኒን ሰጡን። በየጠዋቱ ከምግብ በኋላ እንዲወስዱት፣ ለውጡ ከሳምንታት በኋላ እንደሚታይ፣ ብቻቸውን እንዳንተዋቸው፣ የሚችሉትን ሥራ እንድንሰጣቸው ነገረችን። ለአባቴ የዓይን መድኃኒት ነው አልነው። አልጠረጠረም።

ብዙ ቀን ምንም አልነበረም። እኔ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ በሶ በጥብጬ፣ ሁለት ጉንጭ ለምኜ አስጠጥቼ ክኒኑን እሰጣቸዋለሁ። የበግ ጠጉር መንደፍ ዓይን ስለማይጠይቅ የመንደፊያውን ደጋን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አንድ ቀን እራት ቀርቦ ሳለ «ይኼ ሽሮ ጨው የለውም» አሉ። እናቴ ጨው ልታመጣ ተነስታ ጓዳ ገብታ ቀረች። ስሄድ ጨው ዕቃውን አቅፋ ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሆኑ። በሉ። ጠላ ቀመሱና «ይኼ ለቅምሻ ነው» አሉ። በደጃፍ የምታልፈውን ጎረቤታችንን ደግሞ «አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ አሁንም አለ? እኔ ሞቷል ብዬ ተዝካር እየጠበቅሁ ነበር» ሲሏት፣ እኔ ጓዳ ሆኜ በነጠላዬ አፌን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቆማ አየቻቸውና ሄደች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

የሰኔ ጾም ገባ። ክኒኑ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው። የንስሐ አባታችንን ብናስፈቅዳቸው ለታመመ ሰው አይከለክሉም፤ ሕጉም ነው። ለማስፈቀድ ግን አባባ ታመዋል ማለት ያስፈልጋል። ያንን የሚል ሰው አልነበረም። እኔ በሶውን በድብቅ ቀጠልኩ።

አንድ ጠዋት ሁለት ሴቶች፣ እናትና ያልወለደች ልጇ፣ ከሩቅ ሲመጡ አድረው በማለዳ ደረሱ። ጎረቤታችን እንደልማዷ እየመራች አመጣቻቸው። በሩን ከፍታ ስትገባ አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠው ቂጣ ያኝካሉ፤ ጢማቸው ላይ በሶ አለ።

ሴቶቹ ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ውይ!» አለች ጎረቤታችን። «ጻድቁ በጾም በጠዋቱ ቂጣ ይቆረጥማሉ!»

«ነይ፣ ላንቺም አለሽ» አሏት አባባ።

ሴቶቹ ሳይሳለሙ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። የቀኑ ፀሐይ ሳይጠልቅ አገር ሰማ። በእሑዱ አባቴ ከሰንበቴ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የት እንዳስቀመጡት አልጠየቅነውም። እዚያ አንዱ «የአባትህ አክፍሎት በቂጣ ነው እንዴ?» ብሎ አስቆበት ኖሯል።

ይጮኻል ብዬ ነበር። አልጮኸም። እኔ ቀድሜው ሁሉንም ነገርኩት፤ ጤና ጣቢያውንም፣ ክኒኑንም፣ ድባቴ የሚለውንም። ድምፄ ያን ያህል ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ግን ከአባባ ፊት ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣

«አባቴ» አለ፣ «ምናለ ጥቂት ቢታገሡ?»

ይህን ብቻ ነው ያለው። አባባ እጃቸው ላይ የነበረውን ደጋን አስቀመጡ። ልጃቸውን ብዙ አዩት። «እሺ» አሉ።

በማግስቱ በሶ ሳቀርብላቸው በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ክኒኑንም እንደዚያው። ለመንኳቸው፤ ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። «ተይ፣ አይጢት» አሉኝ። ያመማቸው እንደሆነ ብዬ ዓይናቸውን አየሁ፤ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ምድጃውን ሲያዩ እሳት መሆኑን ለይተው ነው የሚያዩት። ገብስ ስቆላ ሽታው ሲደርሳቸው ጉሮሯቸው ወጣ ወረድ ይላል። የመጀመሪያው ጊዜ እህል አፈር ስለሆነባቸው ነው የተዉት። ይኼኛው ጊዜ ርቧቸው ነው የተዉት። እያወቅሁ የቆላሁበት ቀን አለ፤ ምናልባት ቢያሸንፋቸው ብዬ። አላሸነፋቸውም።

እናቴ አባቴን ተናገረችው። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት፣ «አባትህን እየገደልክ ነው» አለችው። «እኔ አትብላ ብያለሁ?» አለ። እውነት ነው፤ አላለም። በማግስቱ ግን ኅሊናው ገፋው መሰለኝ፣ ትሪውን ራሱ አቅርቦላቸው «ይብሉ እንጂ» አላቸው፤ አባባ ፈገግ ብለው «ይታገሡ ብለኸኝ የለም?» አሉት። አባቴ ወጣ። ከበረቱ ጀርባ ሄዶ ብዙ ቆየ። ጧፍ የያዘ ሰው ሲመጣ ግን ተመልሶ በሩን ከፈተ።

ሰው ተመልሶ መጣ፤ ከበፊቱም በዛ። ቂጣው ፈተና ነበር ተባለ። ጻድቃንን ሰይጣን እንዲያ ይፈትናቸዋል፣ እሳቸውም አሸነፉት። ይህን ያለችው ጎረቤታችን ናት። ሰይጣን ያደረገችው እኔን መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ ዝም ይላሉ።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ጉሙ ከደጃፍ ሳይነሳ በዋለበት ቀን ሞቱ። አጠገባቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከቀብር በኋላ ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲያስተዛዝን፣ አባቴ ወደ ጓዳ ገብቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ዓይኑ አብጧል። አባቱን ይወድ ነበር፤ አይወድም አላልኩም።

«መጨረሻ ላይ ምን አሉሽ?» አለኝ። «ሰው ይጠይቀኛል።»

«በሶ በጥብጪልኝ አሉኝ።»

አየኝ።

«ሮጬ በጠበጥኩት፣ አባዬ። ስመለስ አልደረስኩላቸውም።»

ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። እጁን ሲያነሳ «ይኼን ለማንም እንዳትናገሪ» አለ፤ ተነሳና ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ድንኳኑ ወጣ። ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት። ዳዊት ሲደግሙ ነው ነፍሳቸው የወጣችው ብሎ ነገራቸው፤ ሰዉም «እሰይ፣ የታደሉ» አለ።

አያቴ ዳዊት አያውቁም ነበር።